የሩሲያ ቶርኖ፦ ክሮስ ስላይዱ መሃል ላይ ይላላል፣ ጫፍ ላይ ይደርቃል። ከየት ልጀምር?

ገላን_ቶርኖ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው ገላን ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት። ብዙውን ጊዜ የሚመጣልኝ የኤክስካቫተር ፒንና ቡሽ፣ የእህል ወፍጮ ሻፍት፣ አልፎ አልፎም የጋሪ አክስል ነው። ቶርኖው፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን፣ የሩሲያ 1ኬ62 ነው። አባቴ በ1989 ዓ.ም. በጨረታ የገዛው ነው፤ እኛን ያሳደገንም ያስተማረንም በዚሁ ማሽን ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ «ሸጠህ የቻይና ግዛ» የምትሉኝን አከብራችኋለሁ፤ ጥያቄዬ ግን እሱ አይደለም። ይሄን ማሽን ማዳን ነው የምፈልገው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ክሮስ ስላይዱ (መቁረጫ ቱሉን ወደ ሥራው የሚያስገባውና የሚያወጣው ተንሸራታች ክፍል) መሃል ላይ ሲሆን ልል ነው። ቱል ፖስቱን (የቱሉን መያዣ) በእጄ ይዤ ወደ ማንድሪኖው (ሥራውን ይዞ ወደሚያዞረው) እና ወደ ቴልስቶኩ (ሌላውን ጫፍ ወደሚደግፈው) ስገፋው ኢንዲኬተሩ 0.15 ሚሊ ያሳየኛል። ጊቡን (በስላይዱ ጎን ገብቶ ክፍተቱን የሚዘጋውን ቀጭን ብረት) ሳጠብቀው መሃሉ ይስተካከላል፤ ግን ስላይዱን እስከ መጨረሻ ወደ ራሴ ስስበው እጀታው ድርቅ ይላል። አንድ ቀን በጉልበት ሳዞረው የስክሩ ነሐስ ዳዶ (ስክሩ የሚዞርበት ናት) ጮኸብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልሞከርኩም።

ሥራው ላይም ይታያል። በመቁረጫ ቱል ስገባ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ቱል ተሰብሮብኛል። የ80 ሚሊ ቡሽ ፌስ ሳደርግ (ፊቱን ስቆርጥ) ፊቱ እንደ ታጠፈ ጨርቅ ይሸበሸባል። 60 ሚሊ ሻፍት 300 ሚሊ ርዝመት ቶርኖ ሳደርግ ደግሞ በማንድሪኖው በኩል ያለው ጫፍ በ0.12 ሚሊ ወፍሮ ይወጣል። የወፍጮ ሻፍት ላይ ኩሽኔታ የሚገባበትን ቦታ በሞረድና በሸራ ወረቀት እያስተካከልኩ ነው የማስረክበው። ይሄ ደግሞ ሥራ አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከሁለት ወር በፊት ጊቡን አውጥቼ አንድ ቤት ወስጄው ነበር። በእጅ ግራይንደር ገፈፉትና «ቀና ብሏል» ብለው፣ ከጀርባው የለስላሳ ቆርቆሮ አጥፈው ከተቱልኝ። ሦስት ቀን በደንብ ሠራ። በአራተኛው ቀን ቆርቆሮው ተንሸራቶ ወጣ። አሁን ጊቡ የሚነካው በአንዱ ጫፉ ብቻ ነው። በአባቴ እጅ ሃያ ዓመት ሳይጎዳ የኖረ ዕቃ በአንድ ከሰዓት እንዲህ ሲሆን ማየት ያንገበግባል።

ከየት ልጀምር? አዲስ ጊብ ላሠራ? ሐዲዱን (በማሽኑ ርዝመት ያለውን መንሸራተቻ) ላስጠርብ? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

---

የአቃቂ_ጥገና

ልጄ፣ አባትህን ነፍሳቸውን ይማር። መጀመሪያ አንድ ነገር እሺ በለኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ጊቡን አታጥብቅ። ልል ሆኖ ይቆይ። ልል ሆኖ ቢሠራ ሥራህ ይበላሻል፤ ጠብቆ ቢሠራ ግን ማሽኑ ይበላሻል።

እኔ አቃቂ ውስጥ በፋብሪካ ጥገና ክፍል 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ያንተን ዓይነት ማሽን ሦስት ነበሩን። ሞስኮ ክራስኒ ፕሮሌታሪ ፋብሪካ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ነው፤ 10 ኪሎዋት ሞተር፣ በደቂቃ እስከ 2000 ዙር። ጠንካራ ነው፤ ግን ዘይት የነፈጉትን ይቀጣል።

የሆነውን ላስረዳህ። 80 ሚሊ ቡሽ ፌስ ስታደርግ ስላይዱ የሚጓዘው 40 ሚሊ ብቻ ነው። ፒንም ሠራህ ቡሽ፣ ስላይዱ ዕድሜውን ሁሉ የሚመላለሰው ሳድሉ (ስላይዱን ተሸክሞ በሐዲዱ ላይ የሚሄደው ክፍል) መሃል ላይ ባለች አንዲት ስንዝር ነው። እዚያ ያለው የዳቭቴሉ (ስላይዱን የሚይዘው ጎኑ ዘንበል ያለ መንሸራተቻ) ጎን ተበልቶ ቀጥኗል። ሁለቱ ጫፎች ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ጊብ ደግሞ አንድ ስፋት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለመሃሉ ስታጠብቀው ለጫፉ ይወፍራል። ስለዚህ በሽታው ጊቡ ላይ አይደለም። አዲስ ጊብ ብታሠራ አዲሱም ይህንኑ ያደርግሃል።

የጊቡን ነገርም አስተውል። ሽብልቅ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ክፍተቱን ይዘጋል። ዝንባሌው 1 ለ 50 ከሆነ 0.15 ሚሊ ለመዝጋት 7.5 ሚሊ መግባት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረግህ የማስተካከያው ቪት (ብሎን) ያልቅብሃል። ያን ጊዜ ነው ሰው ቆርቆሮ የሚያጥፈው።

ፍቀት ታውቃለህ? ማለቴ በስክሬፐር፣ በእጅ በሚያዝ ስለታም ብረት፣ ከፍ ያለውን ብቻ በስሱ መፋቅ። የማታውቅ ከሆነ ንገረኝ። ስክሬፐር ከመያዝህ በፊት ግን ለካ። ያልለካኸውን አትንካ።

---

ሰበታ_ፍሬሳ

ወንድሜ፣ እኔ የራሴን ማሽን በቱርሳይት አስተካክያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ። ቱርሳይት ቴፍሎንና ነሐስ ተቀላቅሎ የሚሠራ ሉህ ነው፤ አንድ ፊቱ ሙጫ እንዲይዝ ተደርጎ ይመጣል። 0.8 ሚሊ፣ 1.6 ሚሊ እያለ ይሄዳል። እኔ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣሁት። በኢፖክሲ ስላይዱ ታች ላይ ትለጥፋለህ፣ ጭነህ 24 ሰዓት ታቆየዋለህ፣ ከዚያ በስክሬፐር ታስተካክለዋለህ። ከካስት አይረን ይልቅ ለመፋቅ ይቀላል፤ ሲንቀሳቀስም እንደ ቅቤ ነው።

ግን መጀመሪያ የለጠፍኩት ወር ሳይሞላው ተላቀቀ። ምክንያቱ ዘይት ነው። ካስት አይረን ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ ስለኖረ ላዩን ብታጥበውም ከውስጥ ያላባል። በሁለተኛው ላይ ብረቱን በብሎ ቶርች እያሞቅሁ፣ ዘይቱ ሲወጣ እየጠረግሁ፣ በአሴቶን እያጠብሁ፣ ነጭ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አራት ጊዜ ደገምኩት። ብረቱን እጅ የሚችለውን ያህል ብቻ አሙቀው እንጂ እንዳታቃጥለው። ፊቱንም ሙጫው እንዲነክስ ሸካራ አድርገው። ይኸው ሁለት ዓመቱ ነው፤ አልተነቃነቀም። የዘይት ቦዩን ስትቆርጥ ሉሁን በስተህ ወደ ሙጫው እንዳትወርድ፤ ዘይት ከገባበት ይነሳል።

---

የአቃቂ_ጥገና

የሰበታው ወንድማችን የተናገረው ልክ ነው። ነገር ግን የተበላ ሳድል ላይ አዲስ ሉህ ያለው ስላይድ ብታስቀምጥ ሉሁም ጫፉን ይዞ መሃሉን ይለቃል። ቀድሞ ብረቱ ይቅና፤ ልጠፋው ኋላ ይታሰብበታል።

---

መምህርት_ማሽኒስት

ወንድሜ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የማሽን ሥራ አስተምራለሁ። ጋሼ ከላይ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ልኬቱን ነው፤ ምክንያቱም ያንተ ሁለት ችግር ነው እንጂ አንድ አይደለም። ሁለቱን ካልለየሃቸው ከሐዲዱ ጋር ዓመት ስትታገል ትኖራለህ።

አንደኛው ክሮስ ስላይዱ ነው። የሚለካው እንዲህ ነው፦ ስላይዱን አውጣ። ከተጣለ ኩሽኔታ ውስጥ እኩል የሆኑ ሁለት ሮለሮች ፈልግ። በሳድሉ ዳቭቴል ግራና ቀኝ ጥግ አንድ አንድ አስቀምጥና በሮለሮቹ ላይ በማይክሮሜትር ለካ። አምስት ቦታ፦ ሁለቱ ጫፍ፣ መሃሉ፣ በመካከላቸው ሁለት። ካሊፐር አይበቃም፤ የምትፈልገው ልዩነት ካሊፐሩ ሊሳሳት ከሚችለው ያነሰ ነው። ትልቅ ማይክሮሜትር ከሌለህ በአቅራቢያህ ያለ ኮሌጅ ሄደህ ጠይቅ። በትሕትና የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን አንመልስም።

ሁለተኛው 0.12ቱ ነው። ቱሉ ወደ ታች ቢወርድና ወደ አንተ ቢሸሽ ውጤቱ አንድ አይደለም። በ60 ሚሊ ሻፍት ላይ ቱሉ ሙሉ 0.2 ሚሊ ወደ ታች ቢወርድ ዲያሜትሩ ላይ የሚመጣው ለውጥ ከ0.002 ሚሊ በታች ነው፤ አታየውም። ወደ አንተ 0.06 ሚሊ ከሸሸ ግን ዲያሜትሩ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ ይኸው ያንተ 0.12። የፊተኛው ሐዲድ ማንድሪኖው አጠገብ ሲበላ ሳድሉ በፊት በኩል ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ያዘነብላል፤ ሲያዘነብል ላይ ያለው ቱል ወደ አንተ ይሸሻል።

ግን ሐዲዱ ነው ብለህ ከመፍረድህ በፊት ይህን ሞክር። ወፍራም ብረት ያለ ቴልስቶክ ማንድሪኖ ላይ ብቻ ያዝ፤ ቴልስቶኩ ራሱ ዘንበል ብሎ ሊሆን ይችላልና። በቀጭኑ አንድ ዙር ውሰድና በየ50 ሚሊው ለካ። ልዩነቱ በየ50ው እኩል ከሆነ ሄድስቶኩ (ማንድሪኖውን የተሸከመው ራስ) ተጣሟል፣ ወይም ማሽኑ ወለሉ ላይ ጠምዘዝ ብሎ ቆሟል፤ ይህ በሌቨል (በውሃ ልክ) እና በእግር ቡሎኖች ሊቃና ይችላል። ልዩነቱ ማንድሪኖው ጋ ተከማችቶ ሌላው ቦታ ከጠፋ ግን የሐዲድ መበላት ነው። ቀጭን ብረት አትጠቀም፤ ነጻው ጫፍ ከቱሉ እየሸሸ ይወፍርና ያሳስትሃል።

ሐዲዱን ደግሞ ማንም ሰው ሳይለካ በግራይንደር እንዲነካብህ አትፍቀድ። ጥግ ላይ በሞረድ ሞክረው፦ ሞረዱ ከነከሰ ሊፋቅ ይችላል፤ ከተንሸራተተ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ስክሬፐር አይበላውም፤ ትልቅ የሐዲድ መፍጫ ማሽን ይፈልጋል።

---

ገላን_ቶርኖ

ጋሼ፣ መምህርት፣ የሰበታው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ አደረግሁ።

ማይክሮሜትሩን ከአንድ ኮሌጅ ለአንድ ቀን ተዋስኩ፤ መታወቂያዬን አስይዤ ነው የሰጡኝ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ልኩ አንድ ነው። መሃሉ 0.09 ሚሊ ጎድሏል። በመካከል ያሉት ሁለቱ 0.04 እና 0.05። ጋሼ፣ ማሽኑን ሳያዩ ነው ያወቁት።

የሻፍቱንም ሞከርኩ፤ 90 ሚሊ የሆነ ብረት ማንድሪኖ ላይ ብቻ ይዤ። ከ0.10ው ልዩነት 0.08ቱ መጀመሪያዎቹ 100 ሚሊ ላይ ነው። ስለዚህ ሐዲድ ነው። ሞረዱም ተንሸራተተ። ጠንካራ ነው ማለት ነው።

አሁን ጥያቄዬ፦ ፍቀት ጨርሶ አላውቅም፤ አባቴም አያውቅም ነበር። ዳቭቴሉን ብቻ ላስተካክል ብል መማር እችላለሁ? ጫፎቹን ስፍቅ ስላይዱ ከማንድሪኖው ጋር ያለው ቀጥታ (90 ዲግሪው) እንዳይበላሽ እፈራለሁ።

---

የአቃቂ_ጥገና

የፈራኸው ትክክለኛውን ነገር ነው። እንዲህ ስለፈራህ ትማራለህ።

ዳቭቴሉ ሁለት ጎን አለው። አንዱ ጊብ ያለበት ነው፤ ሌላው ስላይዱ ተደግፎ የሚሄድበት ነው። ቀጥታውን የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ነው። የጊቡ ጎን ከእሱ ጋር ትይዩ ይሁን እንጂ ሌላ ዕዳ የለበትም። ስለዚህ መደገፊያውን ጎን ቀድመህ ጨርስ። ፌስ ስታደርግ ፊቱ በጣም በጥቂቱ ጎድጓዳ መሆን አለበት እንጂ እብጠት በፍጹም። እብጠት ያለው ፊት ከሌላ ፊት ጋር ሲገጥም ይወዛወዛል፤ ጎድጓዳው ግን በዳር በዳሩ ይቀመጣል።

ስክሬፐር ለመሥራት አሮጌ ሰፊ ሞረድ ውሰድ፤ ጥርሱን በግራይንደር ፈጭተህ አጥፋው፤ ጫፉን በጣም ትንሽ ጎበጥ አድርገህ ሳለው፤ በዘይት ድንጋይ ጨርሰው። ቀለሙ የሥዕል ዕቃ ከሚሸጥበት የሚገኘው ፕሩሲያን ብሉ የዘይት ቀለም ይሆናል። ቀጥ ያለ መለኪያ ብረት ላይ በጣም ስስ አድርገህ በጣትህ ቀባ፤ ከበዛ ይዋሽሃል። መለኪያውን ጎን ላይ አስኪደው። ቀለም የነካበት ከፍታ ነው፤ እሱን ብቻ ፋቅ። ከዚያ ጥረግ፣ ቀባ፣ አስኪድ፣ ፋቅ። አንዱን ዙር ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ አቅጣጫ ፋቅ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ብረቱ ይሞገዳል።

አንድ ዙር 0.005 ሚሊ ግድም ነው የሚያነሳው። ያንተ 0.09 የሁለቱ ጎን ድምር ስለሆነ በየጎኑ አሥር ዙር ያህል ነው። ብዙ አይደለም። በ25 በ25 ሚሊ ቦታ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ነጥብ ስታይ አቁም።

---

መምህርት_ማሽኒስት

መለኪያውን በተመለከተ፦ ዳቭቴል ውስጥ የሚገባ ጠርዙ የሾለ ቀጥ ያለ ካስት አይረን ያስፈልግሃል። ምናለሽ ተራ ሄደህ የተሰበረ ማሽን እግር ወይም ክዳን ፈልግ፤ አሮጌ ካስት ይሻላል፣ አዲስ የተቀለጠ ይጣመማል። በፍሬሳ (በሚሽከረከር መቁረጫ በሚሠራ ማሽን) ከዳቭቴሉ ባነሰ ማዕዘን አስቆርጠው፤ ከዚያ እኛ ጋ ይዘህ ና፤ በሰርፌስ ፕሌታችን (ጠፍጣፋ መለኪያ ጠረጴዛ) ላይ ፊቱን አብረን እናስተካክለዋለን። ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ፕሌቶችን እርስ በርስ እያፋቀ ቀጥ ያለ ፊት አወጣ። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ጎድጓዳ ሌላው እብጠት ሆነው ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን ሁለቱንም ያጋልጣቸዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ነው ዓይናቸው የሚበራው። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ነኝ።

---

ሰበታ_ፍሬሳ

መለኪያውን እኔ እቆርጥልሃለሁ። ብረቱን ይዘህ ና፤ የእጅ ዋጋ አልቀበልህም።

---

ገላን_ቶርኖ

አምስት ሳምንት ሆኖኛል ዝም ካልኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

መለኪያውን ሰበታ ሄደን ቆረጥነው። ሁለት ቅዳሜ ኮሌጅ ውስጥ መምህርቷ አጠገቤ ቆመው ፊቱን አወጣነው። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስክሬፐሩ ይንሸራተትና ብረቱን ይቧጥጥ ነበር። «በክንድህ አትግፋ፣ በወገብህ ግፋ» ያሉኝ ቀን ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ብረቱ እንደ ደረቅ አይብ መነሳት ጀመረ።

ሳድሉን ቤቴ ሆኜ ነው የጨረስኩት። እኛ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ ፍቀት ደግሞ መብራት አይፈልግም። በር አጠገብ አድርጌ በቀን ብርሃን እፍቅ ነበር። የመደገፊያው ጎን አሥራ አራት ዙር ፈጀ፤ የጊቡ ጎን ሃያ ሦስት። ከጋሼ ግምት በላይ ሆነብኝ፤ መሃል ላይ ቀለም ሳበዛ የሌለ ከፍታ እያሳየኝ ሦስት ዙር ያለ ቦታው ፍቄያለሁ። በሮለር ስለካው አሁን አምስቱም ቦታ በ0.01 ሚሊ ውስጥ ናቸው።

ጊቡ አልተጣለም። በግራይንደር የተገፈፈውን ፊት አንድ ሬቲፊካ ቤት በጠፍጣፋ መፍጫ በስሱ አቃኑልኝ፤ ጀርባው ላይ 0.8 ሚሊ የናስ ላሜራ በኢፖክሲ ለጠፍኩ፤ እንደ ሰበታው ወንድሜ ነጭ ጨርቅ ንጹሕ እስኪወጣ አጥቤ። ከዚያ ፊቱን ፍቄ ከሳድሉ ጋር አገጣጠምኩት። ቪቱ አሁን መሃል ላይ ነው፤ ገና የሚጠብቅበት ቦታ አለው።

ስላይዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት ይዞራል። ቱል ፖስቱን ስገፋ ኢንዲኬተሩ 0.02 ይላል። 200 ሚሊ ፌስ አድርጌ ለካሁ፤ መሃሉ 0.01 ጎድጓዳ ነው። በመቁረጫው 60 ሚሊ ብረት ስቆርጥ ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። አባቴ እያለ ነው እንዲህ ያለ ድምፅ መጨረሻ የሰማሁት። ማሽኑን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሐዲዱ እንዳለ ነው። የወፍጮ ሻፍት ላይ ኩሽኔታ የሚገባበትን ቦታ ከማንድሪኖው 150 ሚሊ ያህል አርቄ እየያዝኩ እሠራለሁ፤ እዚያ ልዩነቱ 0.01 አይሞላም። ሐዲዱ ራሱ ገንዘብ እስኪገኝ ይቆያል።

---

የአቃቂ_ጥገና

ጎበዝ ልጄ። እጅህ ይባረክ።

ሁለት ነገር ቀርቶሃል። የክሮስ ስላይዱ ዳዶ በዚህ ማሽን ላይ ሁለት ግማሽ ሆኖ መሃሉ ሽብልቅ ያለው ነው። ሽብልቁን ሳብ አድርገህ የእጀታውን ባዶ ዙር ቀንስ። የጮኸብህ እሱ ነው፤ ጥርሱ ካልቀጠነ ገና ያገለግልሃል።

ሌላው፣ ሐዲዱን ምን እንደበላው አትርሳ። የተበየደ ሻፍት ሳትሸፍን ትሠራለህ? በሸራ ወረቀት ስታለሰልስ ዱቄቱ ሳድሉ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ሳድሉ ራሱ ሞረድ ይሆናል። ሐዲዱን በወረቀት ሸፍን። የሳድሉ አራት ማዕዘን ላይ ያሉት የፌልት መጥረጊያዎች አሉ ወይስ ወድቀዋል? የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አታድርግ፤ ካርቦኑና የብረት ዱቄቱ አብሮ ይገባል። ሐዲድ ዘይት ካጣህ 68 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ይሻላል።

---

ገላን_ቶርኖ

ጋሼ፣ መጥረጊያዎቹ የሉም። ስፈታው ሁለቱ ቦታ ላይ ደርቆ የተጣበቀ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። ፌልት መርካቶ ፈልጌ አጣሁ። እናቴ ከመንዝ የመጣ አሮጌ ባና አላት፤ ወፍራም የበግ ፀጉር ነው። ከእሱ አራት ቁራጭ ሰጠችኝ፤ ሁለት ሁለት አድርጌ ሰፍቼ፣ ዘይት አጥግቤ፣ በላሜራ ይዤ አሰርኩት። ዛሬ ማታ ሐዲዱን በነጭ ጨርቅ ጠርጌ ሳድሉን አስር ጊዜ አመላለስኩት፤ ከባናው ኋላ የቀረው ዘይት ንጹሕ ነው። የተቃጠለውን ዘይት ደፍቻለሁ። ነገ ጠዋት ከዱከም የመጣ የወፍጮ ሻፍት አለኝ፤ ጥግ ላይ ወረቀቱን አዘጋጅቼ ነው የምተኛው።